ሆቴል የሚሮጠው አጎት፦ የእንግሊዝኛ ክበባችን ዓመት

ክበባችን ዘንድሮ የከረመው በአንድ ቃል ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። ጥቅምት ላይ አንድ የዘጠነኛ ክፍል አባላችን ከመልመጃ ያገኘውን ዐረፍተ ነገር «አጎቷ ሆቴል ይሮጣል» ብሎ ተረጎመው። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ልጁ ግን ምን ያድርግ? «ራን» ማለት «ሮጠ» ነው ብለን ያስተማርነው እኛው ነን። አጎትየው ሆቴሉን ያስተዳድራል እንጂ አይሮጥም።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ይህን ሯጭ ቃል ስናሳድድ ከረምን። በእንግሊዝኛ ጉንፋን የያዘው ሰው አፍንጫው ይሮጣል፤ እኛ ዘንድ ይፈስሳል። ዳቦ ያለቀበት ሰው «ከዳቦ ሮጦ ይወጣል»። አሜሪካ ውስጥ ለምርጫ የሚወዳደር ይሮጣል፣ እንግሊዝ ውስጥ ግን ይቆማል። አንዲት ተማሪ «ታዲያ መምህር፣ ሁለቱ ቢወዳደሩ ማን ይቀድማል?» ብላ ጠይቃኝ እስካሁን መልስ አላገኘሁላትም።

እ.ኤ.አ. በ1989 በታተመው ባለ20 ቅጽ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ሰፊውን ቦታ የያዘው «ሴት» የሚለው ግስ ነበር (ማስቀመጥ ማለት ነው፤ ከእኛዋ ሴት ጋር አይዛመድም)። በኋላ ግን የመዝገበ ቃላቱ አዘጋጆች ለ«ራን» 645 ፍቺ ቆጠሩለት። እኛ ሠላሳ ሳንሞላ ደከመን።

እኔን ያስደነቀኝ ልጆቹ ራሳቸው የደረሱበት ነገር ነው፦ ፈረንጅ የሚያስሮጠውን እኛ እናስኬዳለን። ሥራ እናካሂዳለን፣ ስብሰባ እናካሂዳለን፣ የኮምፒውተሩን ፕሮግራም እንኳ እናስኬዳለን። ከአበበ ቢቂላ አገር ሰዎች ይህን ያህል እርጋታ አይጠበቅም ነበር።

ሚያዝያ ላይ ደግሞ ነገሩን ገለበጡት። «በላ»ን ለእንግሊዝ እንግዳ እንዴት እናስረዳው? ዝገት ቆርቆሮ ይበላል፣ ሌባ ሹም የሕዝብ ገንዘብ ይበላል፣ በካርታ የተሸነፈ ሰው ይበላል። «መዳፌን ይበላኛል» የሚለው ቃል በቃል ተተርጉሞ በሚኒ ሚዲያ ሲነበብ እንግሊዝኛ አልወድም የሚሉት ሁሉ ሳቁ።

የክርክርና የግጥም ዝግጅትም ነበረን። ድራማው መብራት በመጥፋቱ ቀርቷል።

የመጪው ዓመት ቃል በድምፅ ብልጫ «ጌት» (ማግኘት) ሆኗል። አንድ ለእናቱ የሆነው መዝገበ ቃላታችን ሽፋኑ ስለተገነጠለ፣ በክረምቱ የሚጠርዝልን ሰው እንፈልጋለን።