የድጋፍ ጥሪ፦ ውሃ የገባባቸውን የጉልበት መለማመጃ መሣሪያዎች መልሰን እንድንሠራ እርዱን

የተከበራችሁ የዕድራችን አባላት፣ በውጭ አገር ያላችሁ የሰፈራችን ልጆችም፦

ባለፈው ነሐሴ የዕድሩን ዕቃ ቤት ቆርቆሮ ነፋስ እንደገነጠለው ሁላችሁም ሰምታችኋል። ድንኳኑም ወንበሩም ተርፏል። መደርደሪያው ላይ የነበሩት ግን አልተረፉም። ወጣቶቻችን ስትሮክ ለመታቸው ጎረቤቶቻችን በሁለት ዓመት ልፋት ከሠሯቸው 14 የጉልበት መለማመጃ (እግርን ከጉልበት መዘርጋት የሚያለማምዱ) መሣሪያዎች 9ኙ ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ወረደባቸው። አድርቀን፣ በአልኮል ጠርገን ሞከርናቸው፤ አንዱም አልተነሣም።

በመስከረም አንድ ጊዜ ለምነናችሁ ነበር። ወሩ የበዓልና የትምህርት ቤት ክፍያ ወር ነውና የተገኘው ለ3 መሣሪያ ብቻ በቃ። 6 ይቀራሉ። ለአንዱ 3,900 ብር፣ በድምሩ 23,400 ብር ያስፈልጋል። የቆርቆሮው ጥገና በዚህ ውስጥ የለም፤ እሱ ከመደበኛው መዋጮ ተከፍሏል። እንደገና ደጃችሁን ማንኳኳት ለኮሚቴውም ከብዶታል፤ ግን ዝም ብንል የሚጎዱት ሕሙማኖቻችን ናቸው።

ገንዘቡ የሚገባው በዕድሩ የባንክ ሂሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ መዋጮ በምትከፍሉበት ደብተር የኋላ ሽፋን ላይ አለ፤ አልተለወጠም። ምክንያት በሚለው ቦታ «ጉልበት» ብላችሁ ጻፉ።

«9ኙ መሣሪያ በሕሙማን ቤት መሆን ሲገባው ዕቃ ቤት ምን ይሠራል? ለአንድ ጉልበትስ ሁለት ሴንሰር ለምን ተገዛ?» ተብለን ተጠይቀናል። መልሱ አንድ ነው።

መጀመሪያ የሠራነው መሣሪያ አንድ ሴንሰር (እንቅስቃሴን የሚለካ ትንሽ ዕቃ) ብቻ ነበረው። ኤምፒዩ 6050 የሚባል ነው፤ የተቀመጠባት ሰሌዳ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አትበልጥም። የስበትን አቅጣጫና የመዞርን ፍጥነት ይለካል። ቅልጥም ላይ ይታሰራል፤ ታካሚው ወንበር ላይ ተቀምጦ እግሩን ሲዘረጋ ባለሙያው የወሰነለት ከፍታ ላይ ሲደርስ ይጮኻል፣ ይቆጥርለታልም። አንዲት እናታችን በቀን 40 ጊዜ ይቆጠርላቸው ነበር፤ የልጅ ልጃቸው ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቁጥሩን እያነበበ ያበረታታቸዋል። ጉልበታቸው ግን ወር ሙሉ አልተፈታም። ፊዚዮቴራፒስቱ (የእንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያው) ቤታቸው ሄዶ ሲያይ፣ እማማ ወደ ኋላ ተደግፈው ጭናቸውን ከወንበሩ እያነሡ ኖሯል። ጭን ሲነሣ ቅልጥምም አብሮ ይነሣል፤ ሴንሰሩ የሚያውቀው የቅልጥሙን መዘንበል ብቻ ነውና ይቆጥራል። እማማ አላታለሉም፤ አልታዘዝ ያላቸው እግር በቻለው መንገድ ሄደ። ጉድለቱ የመሣሪያችን ነበር።

ስለዚህ ጭን ላይ ሁለተኛ ሴንሰር ጨመርን። የሁለቱ ልዩነት ሲወሰድ የጉልበቱ መታጠፍ ራሱ ይታወቃል፤ ጭን ብቻ ከተነሣ አይቆጥርም። ሁለቱ ሴንሰሮች በአንድ መስመር ይሠራሉ፤ የአንደኛውን ሴንሰር አንድ ፒን (የሽቦ ማገናኛ) ከ3.3 ቮልት ጋር ስናገናኘው በመስመሩ ላይ የሚለይበት አድራሻ ስለሚለወጥ ሌላ መቆጣጠሪያ ቦርድ መግዛት አላስፈለገንም። 5ቱን አስተካክለን መልሰን ነበር። 9ኙም ዕቃ ቤት የተሰበሰቡት ለዚሁ ነው፤ ዝናቡ ቀደመን።

የቀረውም ወጪ እንዲሁ ምክንያት አለው። የመጀመሪያዎቹ ከቻርጀር ጋር በሽቦ የሚገናኙ ነበሩ፤ መብራት ሲጠፋ ልምምዱ ይቆማል፣ ሽቦውም ያደናቅፋል። ባትሪ የገዛነው ለዚህ ነው። በሴንሰሩ ውስጥ ያለው የመዞር መለኪያ እየቆየ ይስታል፣ የስበት መለኪያው ደግሞ እግር ሲንቀጠቀጥ ይረበሻል፤ ሁለቱን የሚያመዛዝነውን ስሌት ወጣቶቹ ሦስት ወር ሠርተውበታል፤ ሳንቲም አልጠየቁም። ማሰሪያውን የሰፋችልን እህታችንም እንዲሁ። ዕቃው ግን የውጭ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የመርካቶ ዋጋ የት እንደደረሰ ለእናንተ አይነገርም። ደረሰኙ ሁሉ በገንዘብ ያዧ እጅ አለ፤ መጥታችሁ እዩት።

«ዕድር ለቀብር ነው» ያላችሁም አላችሁ፤ ቅሬታችሁን እናከብራለን። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ተነፍቶ ሳይመሽ ድንኳን ይተከላል፤ በዚህ ሰፈራችን አይታማም። ስትሮክ የመታው ጎረቤታችን ግን ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ብቻውን ነው። ልምምዱ በየቀኑ ተደጋግሞ የሚሠራ ነው፤ ግማሽ አካሉ ያልታዘዘለትን ሰው በየቀኑ በሚኒባስ ማመላለስ ደግሞ ለቤተሰቡ አይቻልም። የታመመን መጠየቅ በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም የተማርነው ነው። ብርቱካን ይዘን ጠይቀናቸዋል፤ አሁን የሚፈልጉት ተነሥተው ደጅ መውጣት ነው። መሣሪያው ባለሙያን አይተካም፤ ባለሙያው በሌለበት ቀን ልምምዱ በትክክል እንዲሠራ ያግዛል እንጂ። ዛሬ በእጃችን ያሉትን መሣሪያዎች ለ14 ሕሙማን በየሳምንቱ እያዘዋወርን ነው፤ ተራው ያልደረሰው ሰው እግር ግን ቀን በቀን እየደረቀ ነው።

በውጭ ያላችሁ ልጆቻችን፣ ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው ካላችሁ ሴንሰሩን መላክ ትችላላችሁ፤ ቀላል ነው። ባትሪ ግን አትላኩ፤ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በጭነት ሻንጣ አይፈቀድም፤ እዚሁ እንገዛለን።

በድጋሚ፦ የዕድሩ ሂሳብ፣ ደብተሩ የኋላ ሽፋን ላይ ያለው ቁጥር፣ ምክንያት «ጉልበት»። የኮሚቴ አባል ነኝ ብሎ በግል ስልኩ ቴሌብር ላኩልኝ የሚላችሁ ቢኖር አትላኩ፤ እንዲህ ያለ ሰው አላሰማራንም። በእጅ የምትሰጡ ለገንዘብ ያዧ ብቻ፣ እሁድ ከስብሰባው በፊት ስጡ። በባንክ የላካችሁም ደረሰኙን ይዛችሁ ኑና ስማችሁ መዝገብ ላይ ሳይሰፍር አትሂዱ።

የዕድሩ የሕሙማን ድጋፍ ኮሚቴ