ለሚኪ፣ ስለ ድንች

ሚኪዬ፣ እንዴት ነህ? ሦስት ዓመት ጠፍቼ ዛሬ ብቅ ስል ብር ሊበደረኝ ነው እንዳትል። ኩርፊያ ነበር፣ አልዋሽህም። ማስተርሱን ስተወው “ድንች ልትጠብስ ነው?” ብለህ ስትስቅብኝ ከፍቶኝ ነበር። ይኸው አራት ኪሎ ጀርባ ድንች እጠብሳለሁ!

ድሮ ቢሆን አትክልት ተራ ፒያሳ ነበር። የዕለቱን ገዝተህ በእግርህ ትመለሳለህ። አሁን ሃይሌ ጋርመንት ድረስ ስለሆነ አንዴ ሁለት ኩንታል አመጣለሁ። ሐምሌ ላይ ጭቃው አስጠልቶኝ አጠብኩት፤ ሳይደርቅ በማዳበሪያ አስሬ ጓዳ ከመርኩት። በአራተኛው ቀን ስከፍተው ልጡ እጄ ላይ ቀረ፣ ውስጡ እንደ አጥሚት ፈሰሰ። ሽታውን ተወው። አከራዬ “ምን ሞቶብህ ነው?” አሉኝ።

ያኔ ትዝ አልከኝ። ያ የምትወደው ድንች አበስባሽ ባክቴሪያ፣ ፔክቶባክቴሪየም! የድንቹን ሴሎች ያያያዘውን ፔክቲን ያሟሟል። ድንቹን ውሃ ሲሸፍነው ደግሞ አየር ያጥረውና መከላከል ያቅተዋል። እኔ ሁሉን አመቻቸሁለት።

ሲንጋፖር ውስጥ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 የሠሩትን እንደገና አነበብኩት። ባክቴሪያው ብቻውን አይደፍርም አይደል? እያንዳንዱ ባክቴሪያ ኬሚካል እየለቀቀ ይጠብቃል። ኬሚካሉ ሲበዛ “ሞልተናል” ብለው ፔክቲኑን የሚያሟሟውን ኢንዛይማቸውን በአንዴ ይለቁታል። ሰዎቹ ከአንድ የአፈር ባክቴሪያ ጂን ወስደው ድንች ውስጥ አስገቡ። ድንቹ ያንን ኬሚካል ይሰባብራል፤ ባክቴሪያዎቹ አይሞቱም፣ መደማመጥ ነው የሚያቅታቸው። ኔትወርክ መዝጋት ማለት እኮ ነው! በዚህ እንኳ እኛም ልምድ አለን።

ሌሎች ደግሞ ባክቴሪያ የሚገድል ፕሮቲን ጂን ከሌሊት ቢራቢሮ ወስደው ድንች ውስጥ ከተዋል። ለእማዬ ስነግራት “ታዲያ በጾም ይበላል?” አለችኝ። መልስ አጣሁ። አንተ ሳታስብበት አትቀርም።

እኔ ጂኑን አልቃወምም። የገበሬው ድንች ጎተራ ውስጥ ከሚፈስ የቢራቢሮ ጂን ቢኖረው ይሻላል። ግን እርጥቡን አፍኖ ለሚያስር እንደኔ ላለ ሰው መጀመሪያ ደረቅ ጓዳ ያስፈልገዋል። አሁን ሳላጥብ ርብራብ ላይ ዘርግቼዋለሁ፤ የሸተተውን በየጠዋቱ እለቅማለሁ።

መቼ ነው የምትመጣው? ፒያሳ እንገናኝ አልልህም፣ የምታውቀው ፒያሳ ፈርሷል። ድል ሐውልቱ ጋ ቁምና ደውል፣ እመጣለሁ። ቺፕሱ በኔ ነው፤ ሳቁን ግን ቀንስ።