የታደሰ ገንዳ በሦስተኛው ቀን አይከፈት

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

አዳማ ውስጥ የሆቴል መዋኛ ገንዳ ውሃ ስንከባከብ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ለከተማችን ባለሆቴሎች አንድ ልመና አለኝ።

በዓል ሲደርስ ገንዳ ማሳደስ ተለምዷል። በነጭ ሲሚንቶ ይለሰናል፣ ይሞላል፣ በሦስተኛው ቀን ይከፈታል። ከአዲስ አበባ ልጆቹን ይዞ የሚመጣው እንግዳ ገና በር ላይ «ፑል አላችሁ?» ስለሚል ጥድፊያው ይገባኛል። ግን ያየሁትን ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እሠራበት የነበረው ገንዳ ለፋሲካ ታደሰ። ውሃው ጥርት ያለ፣ የሚያጓጓ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሰባት ዓመት የሚሆናት ልጅ ዓይኗን እያሸች ወጣች። ዓይኗ ደም መስሏል። እግሯ ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ተለጥፏል። እናትየው «ክሎሪን አብዝታችሁ ነው» አሉኝ። እኔም መስሎኝ ነበር። ውሃውን በትንሿ ብልቃጥ ቀድቼ የፒ ኤች (ውሃው ምን ያህል አሲዳማ ወይም አልካላይ እንደሆነ የሚለካበት ቁጥር) ጠብታውን ሳደርግበት ግን ወይን ጠጅ ሆነ። መለኪያው እስከ 8.2 ነው የሚያነበው፤ እሱን አልፏል። መሆን የነበረበት ከ7.2 እስከ 7.6 ነው።

አዲስ ልስን ውሃ ውስጥ ገብቶም መጠንከሩን ይቀጥላል፤ እስከ 28 ቀን ይወስድበታል። እስከዚያ ኖራ ይተፋል፤ ያ ነጭ ዱቄትም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ፒ ኤቹን በየቀኑ ወደ ላይ የሚገፋው እሱ ነው። የሰው እንባ 7.4 አካባቢ ስለሆነ ውሃው ከዚያ ሲርቅ ዓይን ይቆጠቁጣል። ከዚህ የባሰው ደግሞ አይታይም። ፒ ኤች 8 ሲደርስ ከክሎሪኑ ጀርም የመግደል ጥሩ አቅም ያለው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው። ክሎሪን ጨምረናል ብለን ተኝተን ሕፃናት በደንብ ባልታከመ ውሃ ይዋኛሉ።

ፒ ኤቹን የሚያወርደው አሲድ ነው፤ በየቀኑ እየለኩ በትንሽ በትንሹ። እዚህ ላይ ለሥራ ባልደረቦቼ አደራ፦ ባልዲው ውስጥ ውሃው ይቅደም፣ አሲዱ ይከተል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል። አሲድና ክሎሪን አንድ መጋዘን አይቀመጡ። ከተገናኙ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል።

ግድግዳና ወለሉ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ጠዋትና ማታ ብሩሽ ይፈልጋል። ያለዚያ ያ ዱቄት እዚያው ይጋገራል።

የእኛ አካባቢ ውሃም የራሱ ጣጣ አለው። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ብዙውን ጊዜ ፍሎራይዱ በዝቶ ካልሲየሙ ያነሰ ነው። ካልሲየም ያነሰው ውሃ የጎደለውን ከልስኑ ላይ ይወስዳል፤ ግድግዳው በአጭር ጊዜ እንደ አሸዋ ይሻክራል። ስለዚህ የካልሲየም ጥንካሬው (ሃርድነስ) ይለካ፤ በሊትር ከ200 ሚሊግራም ካነሰ ካልሲየም ይጨመርበት። ሙሊቱም መሐል ላይ አይቋረጥ። ውሃ በፈረቃ ነው ብሎ በሦስት ዙር የሞላ ሰው ግድግዳው ላይ የማይለቅ ቀለበት ያተርፋል። ቦቴዎቹ አስቀድመው ይታዘዙ። የጎማው ጫፍም በጨርቅ ይጠቅለል፣ አለበለዚያ ልስኑን ይቦረቡራል።

28 ቀን ሙሉ ይዘጋ አላልኩም። ዱቄቱ ሲያቆም፣ ፒ ኤቹ ሲረጋ፣ ክሎሪኑ ሲስተካከል ይከፈት። ልኬቱ ግን በየቀኑ ይቀጥል፤ ውጤቱም እናቶች እንዲያነቡት በር ላይ ይለጠፍ። ወጥ ቤት የሚያዩ የጤና ተቆጣጣሪዎችም ገንዳውን ለክተው ይሂዱ። ጠብታው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን የምከታተለው ሌላ ገንዳ ነው፤ ከተሞላ ዛሬ 11ኛ ቀኑ። ጠዋት 7.9 ነበር፣ ማታ 7.5 ላይ መልሼዋለሁ። በብሩሽ ስፈትገው ግን ዱቄቱ አሁንም ትንሽ ይነሳል። ባለቤቱ «ቅዳሜ እንክፈት?» ብለው ጠይቀውኛል። ዱቄቱ ካላቆመ አይሆንም ብያቸዋለሁ።

የገንዳ ሠራተኛ፣ ከአዳማ