የሚወድቀው ይውደቅ

አዳማ፣ ሐሙስ ማታ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፦

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ባልሽስ፣ ያ ቀበጥ ልጅሽስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ ከነቁልፉ ለእናትሽ ትቼላታለሁ። ቅዳሜ ዕቃሽን አስጭነሽ ስትደርሺ እኔ ሐዋሳ፣ የአክስትሽ ልጅ ሠርግ ላይ ነኝ። በስልክ እንዳልነግርሽ «እሺ አባዬ፣ እሺ አባዬ» ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ወረቀት ግን አይዘጋም።

የቤት ዕቃሽን የምታስቀምጪበትን ክፍል የተከራየሁልሽ እዚሁ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ነው። ግቢው ውስጥ ስምንት ክፍሎች ተደርድረዋል፤ ሁሉም ተከራይ የየራሱን ጓጉንቸር ያንጠለጥላል። አሜሪካ ውስጥ ለዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ማከራየት ከ1960ዎቹ ጀምሮ ራሱን የቻለ ንግድ ሆኗል፤ ሰው በየወሩ ይከፍላል፣ ቁልፉን ራሱ ይይዛል፣ በፈለገው ሰዓት ገብቶ ይወጣል። እዚያ ውሉ ላይ ቤንዚን አታስገባ፣ ጋዝ አታስገባ፣ አትደርበት ተብሎ ይጻፋል። የእኛ ውል የቃል ስለሆነ የቀረውን እኔ ልጻፍልሽ።

አባትሽ 31 ዓመት መጋዘን ውስጥ ኖሯል። እህል በኩንታል ሲቆለል፣ ሲናድ፣ ሰው ሲሸሽ አይቻለሁ፤ አንድም ቀን ኩንታል አልነካኝም። እኔን የጎዳኝ የእናትሽ ሲንገር የስፌት መኪና ነው። ከቀበሌ ቤት ስንወጣ ዕቃችንን አንድ ዘመዳችን ጓዳ ውስጥ አስቀምጠን ነበር። እናትሽ «መኪናዬን አምጣልኝ» አለችኝና ብቻዬን ሄድኩ። የመኪናው ጭንቅላት ቁም ሳጥን ላይ ተሰቅሏል። መሰላል ፍለጋ ከመሄድ ብዬ የቢራ ሳጥን ገልብጬ ወጣሁበት። ልክ ሳብ ሳደርገው ከእጄ አመለጠ። እኔም ምን አደረግሁ? ኳስ እንደሚያቆም ተከላካይ እግሬን ሰደድኩለት።

ሦስት አጥንት ነው የተሰበረው። መጀመሪያ ወጌሻ ጋ ሄጄ ታሸሁ፤ ይብስ አበጠ። ከዚያ በራጅ ታየና ሁለት ወር በጄሶ ተቀመጥኩ። ሲንገሩ ቀለሙ እንኳ አልተላጠም። እናትሽ እስከ ዛሬ ትሰፋበታለች፣ እኔ ደግሞ ዝናብ ሊመጣ ሲል በግራ እግሬ አውቃለሁ።

ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህችን ያዢልኝ፦ ዕቃ ከእጅሽ ካመለጠ እጅም እግርም አትስደጂለት። ወደ ኋላ ፈንጠር ብለሽ ይውደቅ። ቴሌቪዥኑም ይሁን፣ የሠርግሽ የቡና ስኒም ይሁን። ለባልሽም ንገሪው፤ እሱ ኳስ ተጫውቻለሁ ባይ ስለሆነ ከእኔ ይብሳል።

አሁን ወደ ክፍሉ ልውሰድሽ። በሩ ሁለት ተካፋች ብረት ነው። ከተማው ዳር ኮረብታ ላይ የሚሽከረከሩትን የነፋስ ማመንጫዎች ታውቂያቸዋለሽ፤ የአዳማ አንድና ሁለት አቅም ተደምሮ 204 ሜጋ ዋት ነው። ያን ሁሉ የሚያሽከረክር ነፋስ የአንቺን በር ጣት ላይ ለመዝጋት አይቸገርም። ከበሩ ሥር ሁለት ትልልቅ ድንጋይ አስቀምጬልሻለሁ፤ ከፍተሽ ሁለቱንም ተካፋች አስደግፊ፣ ከዚያ ሌላውን ሥራ ጀምሪ። ልጁ ማጠፊያው አጠገብ እንዳይቆም። እንዲያውም ልጁን አያቱ ጋ ተዪው።

ከከፈትሽ በኋላ ወዲያው አትግቢ። ይህን የምልሽ ለአቧራው ብቻ አይደለም። በስተቀኝሽ ያለው ተከራይ እህል ነጋዴ ነው። ሰውየው ጨዋ ነው፣ ኪኒኑ ግን ጨዋ አይደለም። በቆሎና ስንዴ ነቀዝ እንዳይፈጀው ኬሻ መሀል የሚደረገው ያ ግራጫ ኪኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። የአየሩን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፤ 3 ግራም የምትመዝን አንዲት ፍሬ 1 ግራም ጋዝ ይወጣታል። ነቀዙን የሚገድለው ጋዙ ነው፣ ሰውንም እንደዚያው። ከአየር ትንሽ ከበድ ስለሚል መሬት መሬቱን ይሄዳል፣ በግድግዳ ስንጥቅና በበር ሥር ይሾልካል። ማርከሻ የለውም። ሽታው ነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ይመስላል፤ ደግሞ አልሸተተኝም ማለት የለም ማለት አይደለም።

በሥራ ዘመኔ አንድ ዘበኛ ዝናብ ሸሽቶ ኪኒን ከተደረገበት መጋዘን ጎን ያለች ትንሽ ክፍል ውስጥ አደረ። ጠዋት ደረቱን ይዞ እያስመለሰው አገኘነው። የበላው ነገር ነው ብለን ወተት ልናጠጣው ስንል አንድ የሚያውቅ ሰው «ኪኒኑ ነው፣ አውጡት!» ብሎ ጮኸ። ሆስፒታል ደርሶ ተረፈ። ወተቱን እያማታን ብንቆይ ኖሮ እንጃ።

እና ቅዳሜ መጀመሪያ የግቢውን ጠባቂ «የእህሉ ቤት ኪኒን ገብቶበታል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ገብቶበታል ካለሽ አንድ ካርቶን እንኳ አታስወርጂ፤ ዕቃው እኛ ግቢ ሸራ ለብሶ ይክረም፣ ነጋዴው ከፍቶ እስኪያናፍስ። የሁለታችሁን ግድግዳ ስንጥቅ በሲሚንቶ አስደፍኛለሁ፤ ግን ግድግዳው ራሱ ቆርቆሮው ጋ አይደርስም፣ ከላይ አንድ ክንድ ያህል ክፍት ነው። ሌላ ቀን ገብተሽም ራስሽን ካዞረሽ፣ ካቅለሸለሸሽ፣ ደረትሽ ከጠበበ፣ ዕቃሽን ሳትይ ውጪ። ውጪና ሐኪም ቤት ሂጂ፣ የእህል ኪኒን እንደሆነም ንገሪያቸው።

ጫኝና አውራጆቹን በተመለከተ፣ ዋጋውን ስፖንዳው ሳይከፈት ጨርሺ። መሀል ላይ የሚነሳ ክርክር ያናድዳቸዋል፣ የተናደደ አውራጅ ደግሞ ይጥላል፣ አንዳንዴም ሰው ላይ። ስፖንዳው ሲከፈት በጎን ቁሚ፤ ከአዲስ አበባ ሲንገጫገጭ የመጣ ዕቃ በሩን ተደግፎ ነው የሚጠብቅሽ። እነሱን ልርዳ ብለሽ ፍሪጅ ጫፍ እንዳትይዢ። ይሉኝታሽን አውቃለሁ።

ስለ ክብደት ካነሳን፣ የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1967 እ.ኤ.አ. ለጎልማሳ ወንድ ሠራተኛ እንኳ 55 ኪሎን ጣራ አድርጎ ነበር የመከረው። የእኛ ልጆች 100 ኪሎ ኩንታል በጀርባቸው ይዘው ሳንቃ ላይ ሲሮጡ ኖሩ፤ ዛሬ ስንቶቹ ወገባቸውን ይዘው ፀሐይ እንደሚሞቁ እኔ ነኝ የማውቀው። አሜሪካኖቹ ቦታውም አያያዙም ሁሉ ሲመቻች 23 ኪሎ ነው የሚሉት፣ የአንድ ሲሚንቶ ግማሽ የማይሞላ። ስለዚህ የባልሽን መጻሕፍት በቴሌቪዥን ካርቶን አጭቀሽ እንዳታመጪ። በፓስታ ካርቶን ይሁን፤ ካርቶኑ ሲያንስ ስስታምነትሽም ያንሳል። ስታነሺ ጉልበትሽን አጥፈሽ፣ ዕቃውን ወደ ሆድሽ አስጠግተሽ። ስትዞሪ ደግሞ እግርሽ ይዙር እንጂ ወገብሽ ብቻውን አይጠማዘዝ። መጋዘን ውስጥ «ቀጭ» ሲል የሰማሁት ወገብ ሁሉ የተቀጨው ሲጠማዘዝ ነው።

አደራደሩ እንዲህ ይሁን። ቁም ሳጥኑና ቡፌው ግድግዳ ይዘው፣ መሳቢያቸው በሲባጎ ታስሮ፣ ራሳቸውም ለዚሁ ብዬ ባስመታኋቸው ሁለት የግድግዳ ቀለበቶች ላይ በገመድ ታስረው። ከባዱ ታች፣ ከደረትሽ በላይ ትራስና ብርድ ልብስ ብቻ። ፍራሽ አቁመሽ አትተዪ፣ አንድ ቀን ላይሽ ላይ ይተኛል። መሀሉን ከበሩ እስከ ጀርባው ግድግዳ ሰው ፊት ለፊት የሚሄድበት መንገድ ተዪለት። አውራጆቹ «እመቤት፣ ቦታ እየባከነ ነው» ይሉሻል፤ ይባክን። ያለ መንገድ የተደረደረ ዕቃ ላይ ነው ሰው እንደ ፍየል የሚንጠላጠለው።

ፍሪጁን ቀድመሽ አድርቂው። እንዳይሸት በሩ ገርበብ ማለት አለበት፤ ግን በሩ ወደ ግድግዳ ዞሮ፣ ከማይከፈትበት ድረስ ተጠግቶ ይቁም። ልጅሽ ድብብቆሽ የሚወድበት ዕድሜ ላይ ነው፣ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ሲሊንደሩን እናትሽ ጋ እንኳ አታምጪው፤ ለጎረቤት ሽጪው ወይም ስጪው። ኮርኒስ የሌለው የአዳማ ቆርቆሮ ሥር ጋዝ፣ ቤንዚን፣ የጄኔሬተር ናፍጣ አይቀመጥም፣ አለቀ። መብራት የለውም፤ ሻማ ሳይሆን የስልክሽን ባትሪ አብሪ። ጠዋት 1 ሰዓት ጀምራችሁ ከ5 በፊት ጨርሱ፣ ከዚያ በኋላ ውስጡ ምጣድ ነው። ሸበጥ አድርገሽ እንዳላይሽ፤ ከሥር ያነጠፍኩት ጣውላ ምስማር ሊኖረው ይችላል፣ መንጋጋ ቆልፍ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ሌላ ጊዜ ዕቃ ለመውሰድ ስትመጪ ጨርቅ ነገር ከማቀፍሽ በፊት አራግፊው፣ አገሩ የጊንጥ አገር ነው። አይጥ ያቆሸሸችውንም ውኃ አርከፍክፈሽ ጥረጊው እንጂ በደረቁ አታቡኚው።

አንድ የስቶር ኪፐር ምስጢር ልጨምርልሽ። ከፍተሽ ስትገቢ ጓጉንቸሩን ሰንሰለቱ ላይ አንጠልጥለሽ አትግቢ። ዘግተሽው ቁልፉም እሱም ኪስሽ ይግቡ። እኔ አንዴ ምሳ ሰዓት ላይ ከበስተጀርባ ጆንያ ስቆጥር፣ ዘበኛው «ረስተውት ሄደው ነው» ብሎ ከውጭ ጠርቅሞብኝ እስከ 10 ሰዓት ከእህል ጋር ተቀምጫለሁ። ያኔ ሞባይል የለም። አንቺ ስልክ ቢኖርሽም ስትሄጂ ለእናትሽ «እዚያ ነኝ» በያት።

ጓጉንቸሩ አዲስ ስለሆነ ትንሽ ያስቸግራል። ቁልፉን እስከ መጨረሻው ካስገባሽ በኋላ ፀጉር ታህል መለስ አድርገሽ ወደ ቀኝ አዙሪው። ትርፍ ቁልፉ እናትሽ መሶብ ሥር አለ።

ዕቃሽ ገብቶ ሲያልቅ እናትሽ «ቦታ ከተረፈ ሲንገሬንም እዚያው አስቀምጡልኝ» ማለቷ አይቀርም። ቦታ የለም በያት።

አባትሽ