ፊልሙን ከማየትህ በፊት

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

ለጤናህ እንደምን አለህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትህ ሰላም ብላሃለች።

«ኦዲሲ» በእናንተ አቆጣጠር ጁላይ 17 ቀን 2026፣ በእኛ ሐምሌ 10 ሲወጣ ከጓደኞችህ ጋር ልታይ መሆኑን ስትነግረኝ በጣም ደስ አለኝ። ዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ኖላን የጥንቱን ግሪካዊ ባለቅኔ የሆሜርን መጽሐፍ በፊልም ሊሠራው ነው ከተባለ ጀምሮ እኔም በጉጉት እየጠበቅኩ ነው። ሙሉውን ለግዙፍ ስክሪን በሚሆነው በአይማክስ የፊልም ካሜራ ነው የቀረጹት። ግሪክ፣ ሞሮኮ፣ ሲሲሊ፣ አይስላንድ ድረስ ሄደዋል። ማዕበሉንና ባለ አንድ ዓይኑን ግዙፍ እንደሚያሳምሩት አልጠራጠርም።

አንድ ነገር ግን ልለምንህ። ከመሄድህ በፊት ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን አራት ምዕራፎች አንብብ። መጽሐፉ 24 ምዕራፍ ነው፤ በእነዚህ አራቱ ውስጥ ግን ባለታሪኩ ኦዲሴዎስ ራሱ ብቅ አይልም። የምናገኘው ልጁን ቴሌማኮስን ነው። አባቱ ወደ ትሮይ ጦርነት ሲዘምት ገና ጨቅላ ነበር። አሁን ሃያ ዓመት አልፏል። እናቱን ካላገባን የሚሉ ጎረምሶች ቤቱን ሞልተው ከብቱን ያርዳሉ፣ ወይኑን ይጠጣሉ። አንድ እንግዳ መጥቶ የኦዲሴዎስ ልጅ ነህ ወይ ሲለው፣ እናቴ የእሱ ልጅ ነህ ትለኛለች፣ እኔ ግን አላውቅም ብሎ ይመልሳል። እዚህ ቦታ ስደርስ ሁሌም አንጀቴ ይላወሳል። ፊልም ሠሪ ጊዜ ሲያጥረው መጀመሪያ የሚቆርጠው ይህን ነው ብዬ እሰጋለሁ። ቴሌማኮስን ቶም ሆላንድ እንደሚጫወተው ስሰማ ግን ተስፋ አደረግኩ።

እዚያው መጀመሪያው ላይ የኢትዮጵያውያንን ስም ታገኛለህ። ኦዲሴዎስን የሚያሳድደው የባሕር አምላክ ፖሲዶን ሩቅ አገር፣ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ግብዣ ሄዷል። ሌሎቹ አማልክት እሱ በሌለበት ተሰብስበው ሰውየው አገሩ ይግባ ብለው ይወስናሉ። ሆሜር የዛሬዋን አገራችንን ማለቱ አይደለም፤ ፀሐይ በምትወጣበትና በምትጠልቅበት በዓለም ዳር የሚኖሩ ሕዝቦችን ነው። ቢሆንም ባነበብኩት ቁጥር ደስ ይለኛል። አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ፖሲዶን ከዚያ ሲመለስ ኦዲሴዎስን ባሕር ላይ ያየውና ማዕበሉን ያስነሳበታል።

ከሁሉ በላይ የምጠብቀው ግን የአልጋውን ነገር ነው። ኦዲሴዎስ ቤቱ ገብቶ፣ ጠላቶቹን ፈጅቶ ሚስቱ ፊት ተቀምጧል። ፔኔሎፔ ግን ተነስታ አታቅፈውም። ዝም ብላ ታየዋለች። ልጇ ልብሽ ድንጋይ ነው ብሎ ይቆጣታል። ኦዲሴዎስ ታጥቦና ለብሶ ሲመለስም እሷ ለሠራተኛዋ አልጋውን ከመኝታ ቤት አውጥተሽ አንጥፊለት ትላለች። ያኔ ኦዲሴዎስ በንዴት ይነሳል። አልጋዬን ማን ነቀለው? በገዛ እጁ የሠራው ነው። አንዱ እግሩ መሬት ውስጥ ሥር የሰደደ የወይራ ግንድ ነው፤ መኝታ ቤቱንም የሠራው በዛፉ ዙሪያ ነው። ይህን ምስጢር ከእነሱና ከአንዲት ሠራተኛ በቀር ማንም አያውቅም። ጉልበቷ የሚከዳት ይሄኔ ነው። ፔኔሎፔን የምትጫወተው አን ሃታዌይ ናት። ያን ሁሉ ዝምታ እንዲተዉላት እመኛለሁ። ኖላን ይችልበታል፤ ከቀደመው ፊልሙ ከ«ኦፐንሃይመር» እንኳ እኔ ውስጥ የቀረው ከፍንዳታው ይልቅ ጠባቧ ክፍል ውስጥ የሚደረገው ምርመራ ነው።

ፊልሙን ካስቀደምክ ኦዲሴዎስ ባሰብከው ቁጥር እሱን የሚጫወተውን የማት ዴመንን ፊት ይዞ ነው የሚመጣብህ። አንተው በራስህ ሐሳብ አንድ ጊዜ ሣለው። ከዚያ የእነሱን እይ።

ስትወጣ ደውልልኝ፣ ቢመሽም ችግር የለውም። አባትና ልጅ እሪያ ጠባቂው ጎጆ ውስጥ የሚገናኙበትን እንዴት እንዳሳዩት አንድም ሳታስቀር ንገረኝ።

አባትህ