ለአባባ፣ ዳንግላ

አባባ፣ እንደምን ከረሙ? እግርዎስ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ናሆም የፊት ጥርሱ ወልቆ ጣሪያ ላይ ወረወረው፤ «አያቴ ሲመጣ አዲሱን አሳየዋለሁ» እያለ ነው። ትንሿም አፏን ፈታለች፤ የሚሰማት ከተገኘ አታቆምም።

ስለ ስኳሩ ስጠይቅዎ «ደህና ነኝ» ብለው ወሬውን ወደ ልጆቹ ያዞሩታል። ቁስሉ እንዳልደረቀ ወንድሜ ነግሮኛል። ሐኪሙ ስለ ጣትዎ ያለውንም ነግሮኛል። ኢንሱሊኑን እርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ ማሰሮ ያስቀምጡት፤ መብራት እየጠፋ ፍሪጁ አይታመንም። እባክዎ በባዶ እግር ጓሮ አይውጡ።

በስልክ ልነግርዎ እጀምርና ድምፅዎን ስሰማ የምተወው ነገር አለ። በ2008 ዓ.ም. ከአሜሪካ ስመለስ ፍልሰታ ገብቶ ነበር። ጎረቤቱ እንኳን ደህና መጣሽ ሊል ቤቱን ሞልቶታል፣ እማዬ ሱፍ ፍትፍት ታቀርባለች። እርስዎ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «የሰው ልጅ ወጥቶ ያልፍለታል፣ የእኔዋ ሻንጣዋን ይዛ ተመለሰች» አሉ። እማዬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እጄን ይዛ ወደ ማድ ቤት ወሰደችኝ። ከዚያ ወዲህ ማናችንም አላነሳነውም። እኔ ግን አልረሳሁትም፣ አባባ።

የሄድሁበት የማንዴላ ዋሽንግተን ፌሎውሺፕ፣ የአሜሪካ መንግሥት ለወጣት መሪዎች የሚሰጠው ሥልጠና፣ ሰው ወጥቶ የሚቀርበት አልነበረም። በኦባማ ጊዜ ከ25 እስከ 35 ዓመት ለሆኑ የአፍሪካ ወጣቶች፣ በ2006 በ500 ሰው ተጀምሮ በእኛ ዙር 1,000 የደረሰ ነው። ስድስት ሳምንት ዩኒቨርሲቲ ሰንብተን፣ መጨረሻ ዋሽንግተን ተሰብስበን፣ ወደየአገራችን። ቪዛውም ቢሆን ሁለት ዓመት አገራችሁ ኑሩ የሚል ነው። እሱ ባይኖርም እመለስ ነበር።

አብረውኝ የሄዱትም ተመልሰው ሥራ ይዘዋል። የሐዋሳዋ ልጅ መስማት ለተሳናቸው ሕፃናት የምልክት ቋንቋ የሚማሩበት ክፍል ከፈተች። ወላጆቹንም አስተምራ፣ ዛሬ እናት ከልጇ ጋር በእጇ ታወራለች። የዛምቢያው ወዳጃችን ለገጠር ጤና ጣቢያዎች የማዋለጃ ክፍል በፀሐይ ኃይል መብራት ያስገባል። እነዚህ አልፎላቸዋል ነው የምለው።

የእኔን ደግሞ እርስዎ ከማንም በላይ ያውቁታል። ዛፍ ላይ ቀፎ ሲሰቅሉ እኔ ከታች የእበት ጭስ ይዤ እቆም ነበር። ሴት ዛፍ አትወጣም ስለሚባል ማሩም ገንዘቡም የወንድ ነበር። አብሬያቸው የምሠራው የመራዊ ሴቶች ግን ዘመናዊ ቀፎ ከቤታቸው ጀርባ በመቆሚያ ላይ ያስቀምጣሉ፤ አመሻሽ ላይ ጭሳቸውን ይዘው ራሳቸው ይከፍቱታል። ንቧ ሰሟን የሠራችበትን የእንጨት ፍሬም አውጥተው በማጣሪያው ሲያሽከረክሩት ማሩ ይወርዳል፣ ሰሙ ሳይፈርስ ወደ ቀፎው ይመለሳል፤ ንቧ እንደገና ሰም ልሥራ ብላ አትደክምም። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ለዕዳ ያስያዘችውን መሬት ዘንድሮ በማር ገንዘብ አስለቀቀች። ወረቀቱን አሳየችኝ፤ እጇ ማር ስለነበረ ጠርዙ ተጣብቆ ነበር።

ባሕር ዳር በመጡ ቁጥር በመራዊ ያልፋሉ። አንድም ቀን ወርደው አላዩም። በአስተማሪ ደመወዝ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፣ ንብንም ያሳወቁኝ እርስዎ፤ ለዚያ ነው ሌላው ሰው ሁሉ ቢያመሰግነኝ የማይበቃኝ።

ጣቱ ይቆረጥ ካሉ ይቆረጥ፣ አባባ። ቆይቶ ወደ ላይ ከሄደ... ይህን አሁን አልጽፈውም። መንገዱ ክፍት ከሆነ ሰኞ ወንድሜ ያመጣዎታል፤ የሐኪም ቀጠሮ ይዣለሁ። የምርመራ ወረቀቶቹን አንድም ሳያስቀሩ ይያዙ። መራዊ ላይ እንዲያቆም ነግሬዋለሁ። መውረድ ከከበደዎት ሴቶቹ ፍሬሙን ይዘው መኪናው ድረስ ይመጣሉ። ስኳሩ ስላለብዎ አይቀምሱትም፣ ግን ማርን ገና በቀለሙ ይለያሉና ይዩላቸው። ደህና ከሆነ ደህና ነው ይበሏቸው፤ እኔም አጠገባቸው እሆናለሁ።

ልጅዎ