ጣሪያችን ላይ ያለው ዲሽ ሌላም ደንበኛ አለው

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ሳተላይት ኢንተርኔት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው። ፍጥነቱን ጻፋችሁ፣ ዋጋውን ጻፋችሁ፣ ኬንያ ከ2023 ጀምሮ እየተጠቀመች እንደሆነም ጻፋችሁ። አንድ ነገር ግን ዘለላችሁ። እነዚህ ኩባንያዎች ከእኛ ሌላ ማንን ነው የሚያገለግሉት? ትልቁ ከፋይ ማነው? እኔን ለመጻፍ ያነሳሳኝ ይኸው ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ካልሆነ ዓ.ም. እላለሁ።)

የሳተላይት ሊቅ አይደለሁም። አዲስ አበባ እያለሁ ዲሽ እሠራ ነበር፤ ዲቪ ደርሶኝ እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ ከመጣሁ ወዲህ ደግሞ ታክሲ እነዳለሁ። ሁለቱ ሥራ ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። ቆይ፣ እደርስበታለሁ።

በ2013 ዓ.ም. ገደማ ኢትዮሳት የሚባለው የአገራችን ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ስብስብ መጣ ሲባል የሰፈሩን ዲሽ ያዞርነው እኛ ነን። የሠራበት ያውቀዋል፣ ናይልሳት 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ስለሆነ ዲሹ ቀጥ ብሎ ወደ ምዕራብ ነው የሚያየው። አዲሱ ሳተላይት ግን 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። ለአዲስ አበባ ከአናት ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ዲሹን ታዞረውና ወደ ኋላ ታንጋልለዋለህ። አንዲት እናት ተንጋሎ ሲያዩት ደነገጡ፣ «ልጄ፣ ዝናብ አይጠራቀምበትም ወይ?» አሉኝ። እኔ ቆርቆሮው ላይ ሆኜ «እማማ፣ ገባ?» እላለሁ፤ እሳቸው ከሳሎን «ገባ! ገባ... ኧረ ሄደ!» ይላሉ። እንዲህ ስንባባል ግማሽ ሰዓት ፈጀን።

የሳተላይቱ ስም ኤንኤስኤስ 12 ነው። ባለቤቱ ኤስ ኢ ኤስ የሚባል የሉክሰምበርግ ኩባንያ ነው። ያኔ ለእኔ ስም ብቻ ነበር። ቁጥሩን ረሲቨር ላይ አስገባለሁ፣ ገንዘቤን እቀበላለሁ፣ ወደ ሚቀጥለው ጣሪያ እሄዳለሁ። በኋላ ሳነብ ነው የገባኝ። ይኸው ኩባንያ ከሉክሰምበርግ መንግሥት ጋር እኩል ድርሻ ይዞ ጎቭሳት የሚባል ድርጅት አለው፤ ለመከላከያና ለመንግሥት ሥራ የተሠራ ሳተላይታቸውም በጥር 2018 ነው ወደ ላይ የወጣው። በ2022 ደግሞ ለአሜሪካ ጦር የሳተላይት ግንኙነት የሚያቀርብ ድርጅት በ450 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በ2025 ኢንቴልሳት የሚባለውን ሌላ የሳተላይት ኩባንያ ጠቀለለው፤ እሱም የጦሩ የቆየ አቅራቢ ነው። ኤንኤስኤስ 12ን ጦር ይጠቀምበታል አላልኩም። ድራማውን ወደ ሳሎን የሚያመጣው ኩባንያና የጦሩን መልእክት የሚያመላልሰው ኩባንያ አንድ ነው ነው ያልኩት። እማማ ይህን የነገራቸው የለም። እኔም አልነገርኳቸውም፣ አላውቀውማ።

አሁን ወደ ታክሲው ልምጣ። ከደለስ ኤርፖርት የምጭነው ሰው ብዙ ጊዜ ወይ ወደ ሻንቲሊ ነው ወይ ወደ መክሊን። ሻንቲሊ የአሜሪካ የስለላ ሳተላይቶች መሥሪያ ቤት አለ። መክሊን ኢሪዲየም የሚባለው የሳተላይት ስልክ ኩባንያ አለ፣ ኢንቴልሳትም እዚያው ነበር። አንድ ቀን ማታ አንድ ጎልማሳ ጫንኩ። አንገቱ ላይ የመታወቂያ ባጅ አንጠልጥሏል። መኪና ውስጥ ሲገባ ባጁን ወደ ሸሚዙ ውስጥ ከተተው። ከየት ነህ አለኝ፣ ነገርኩት። አገርህ ምን ትሠራ ነበር አለኝ፣ የሳተላይት ዲሽ አልኩት። ሳቀ። «ታዲያ እኮ የሥራ ባልደረቦች ነን» አለኝ። ምን ትሠራለህ ብዬ ስጠይቀው ግን ስለ አየሩ ማውራት ጀመረ። እስክንደርስ ድረስ ስለ አየር ነው ያወራነው።

የኢሪዲየም ታሪክ ለብቻው መነገር አለበት፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከገንዘብ ነው። ሞቶሮላ ያቋቋመው ነው። 66 ሳተላይት፣ 5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ። አገልግሎቱን በ1998 መጨረሻ ጀመረ፣ በነሐሴ 1999 ከሰረ። ዓመት እንኳ አልሞላውም! ስልኩ እንደ ጡብ የሚከብድ፣ ደቂቃው ውድ፣ ቤት ውስጥ የማይሠራ፤ ማን ይግዛው? ሳተላይቶቹን ወደ ከባቢ አየር አውርዶ ለማቃጠል እቅድ ሁሉ ወጥቶ ነበር። ያዳነው ተራው ደንበኛ አይደለም። በ2000 መጨረሻ ላይ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ለሁለት ዓመት 72 ሚሊዮን ዶላር እከፍላለሁ ብሎ ፈረመ፣ አዲሶቹ ባለቤቶች ደግሞ ያንን ሁሉ ንብረት በ25 ሚሊዮን ዶላር ወሰዱት። በ2019 የፈረሙት ውል የሰባት ዓመት ነው፣ 738.5 ሚሊዮን ዶላር። ዛሬ በዚያ ስልክ መርከበኛ ይድናል፣ ተራራ ወጪ ይድናል፣ እሱን አልክድም። ግን ኩባንያው ሊሞት ሲል አልጋው አጠገብ የቆመው ጦሩ ነው። ውለታው ቀላል አይደለም።

እሺ፣ ይደጋገፉ፣ እኛን ምን አገባን? የሚል ሰው ይኖራል። የካቲት 17 ቀን 2014 ዓ.ም. የሆነውን ላስታውሰው።

የዚያን ቀን ሌሊት፣ ሩሲያ ዩክሬን ከመግባቷ አንድ ሰዓት ገደማ ቀደም ብሎ፣ ኬኤ ሳት የሚባለው ሳተላይት ኔትወርክ ተመታ። ባለቤቱ ቪያሳት ነው፣ የካሊፎርኒያ የግል ኩባንያ። የዩክሬን ጦር ከተጠቃሚዎቹ አንዱ ነበር። ሳተላይቱን ማንም በሚሳይል አልነካውም። ምድር ላይ ባለው የመቆጣጠሪያ ሲስተም ገብተው ለሞደሞቹ ትእዛዝ ላኩላቸው፣ ሞደሞቹም በገዛ እጃቸው የውስጥ ማኅደራቸውን ደመሰሱት። ዲሽ የሠራ ሰው ይህን ሲሰማ ሆዱ ይረበሻል። መሰላል ይዘህ ብትወጣ የምታስተካክለው ነገር የለም። ዲሹ ቦታው ላይ ነው፣ ኬብሉ ደህና ነው፣ ሳተላይቱም ከላይ አለ። የሞተው ቤት ውስጥ ያለው ሣጥን ነው። ኩባንያው ምትክ ይሁን ብሎ ወደ 30 ሺህ ሞደም ልኳል። አውሮፓ ኅብረት፣ እንግሊዝና አሜሪካ በግንቦት 2022 ሩሲያ ናት ያደረገችው አሉ።

አሁን ማን እንደተጎዳ ተመልከቱ። ጀርመን ውስጥ 5,800 የነፋስ ተርባይኖች ከርቀት የሚቆጣጠራቸው አጡ። መብራት ማመንጨት አላቆሙም፣ ግን ቢበላሹ ከቢሮ ሆኖ የሚያያቸው የለም። ፈረንሳይ ውስጥ 9,000 ያህል የአንድ ኢንተርኔት አቅራቢ ደንበኞች ኢንተርኔታቸው ጠፋ። የገጠር ሰዎች ናቸው፤ ፋይበር ስላልደረሳቸው ነው ሳተላይት የገዙት። ከዩክሬን ጦር ጋር አንድ ኔትወርክ እየተጋሩ እንደሆነ ያውቁ ነበር? ደረሰኙ ላይ እንደዚያ አይጻፍም። የፈረንሳይ ገበሬ ጠዋት ተነስቶ ሞደሙን ይነቅላል ይሰካል፣ ይነቅላል ይሰካል፤ እሱ መቼ ነው ጦርነት ውስጥ የገባው?

በጥቅምት 2022 የሩሲያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሰው፣ ኮንስታንቲን ቮሮንትሶቭ፣ ተባበሩት መንግሥታት ላይ ቆሞ ጦርነት ላይ የሚያግዝ የግል ሳተላይት ሕጋዊ የአጸፋ ዒላማ ሊሆን ይችላል የሚል ነገር ተናገረ። ብዙ ሰው ዛቻ ነው ብሎ አለፈው። እኔ እንዳለ ነው የሰማሁት። ጦሩና ሲቪሉ በአንድ ገመድ ከተሳሰሩ ገመዱን የሚቆርጠው ሰው ማን በየትኛው ጫፍ ላይ እንዳለ አይመርጥም።

ስታርሊንክን፣ የኢሎን መስክ ኩባንያ ስፔስኤክስ የሚያቀርበውን የሳተላይት ኢንተርኔት፣ ሁሉም ስለሚያውቀው አላስረዝምም። ኬኤ ሳት ከተመታ ከሁለት ቀን በኋላ የዩክሬኑ ሚኒስትር ሚካይሎ ፌዶሮቭ በትዊተር ጠየቀ፣ ኢሎን መስክ በሰዓታት ውስጥ አገልግሎቱን ከፈትኩ አለ። የሚመሰገን ነው። ሆስፒታልም ሠርቶበታል፣ ቤተሰብም ተገናኝቶበታል። ግን በዓመቱ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ግዊን ሾትዌል ቴክኖሎጂው ለጦር መሣሪያነት አልታሰበም ብላ ተናገረች። መስክ ራሱ በመስከረም 2023 እንዳመነው፣ ዩክሬን ሩሲያ በያዘችው ክሬሚያ ውስጥ እስካለችው ሴቫስቶፖል ድረስ ክፈትልን ብላ ብትለምነው እምቢ ብሏል፣ ኩባንያዬ የጦርነት ተካፋይ ይሆናል ብሎ። ልክ ነው ልክ አይደለም የሚለውን ተዉት። እኔን የገረመኝ ጥያቄው ለማን እንደቀረበ ነው። ለፓርላማ አይደለም፣ ለጄኔራል አይደለም። ለአንድ ነጋዴ ነው። በዚያው ወር ይኸው ኩባንያ ስታርሺልድ በሚባለው የወታደር ክፍሉ በኩል ከአሜሪካ የጠፈር ኃይል ጋር እስከ 70 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ውል ይዞ ተገኘ። ለጦር አልታሰበም የተባለው ዓመት ሳይሞላው መሆኑ ነው።

ሰው ባይዘጋውም ደግሞ በራሱ ይጠፋል። ሐምሌ 24 ቀን 2025 ኩባንያው የውስጥ ሶፍትዌር ችግር ነው ባለው ምክንያት ስታርሊንክ በመላው ዓለም ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ተቋረጠ። የዩክሬን ግንባርም አብሮ ጠፋ። ቤቱ ተቀምጦ ፊልም የሚያይ ሰውና ድሮን የሚያበር ወታደር እኩል ስክሪን ላይ አፍጥጠው ቀሩ።

ጎረቤታችን ሱዳን ደግሞ ሩቅ አይደለችም። በየካቲት 2024 ኔትወርክ በአገሪቱ ሲጠፋ ሰው በስታርሊንክ ነው የተገናኘው። ግን እንዴት? መሣሪያው ከነጋዴውም ከፈጥኖ ደራሽ ኃይሉም እጅ ነበር፣ ሰው ተሰልፎ በሰዓት እየከፈለ። ውጭ ያለ ዘመድ ገንዘብ እንዲልክለት ደውሎ ለመለመን መጀመሪያ ለታጣቂ መክፈል ነበረበት። «ሲቪል አገልግሎት» የሚባለው ቃል ጦርነት መሬት ላይ ሲወርድ እንዲህ ነው የሚሆነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ጥያቄዬ ልሂድ። ትልልቆቻችን ቃኘው ሻለቃን ሲያነሱ አሥመራ ያለውን የቃኘው ጣቢያም ያነሳሉ። አሜሪካኖች እዚያ ሁለት ግዙፍ ዲሽ ተክለው የሶቪየትን የጠፈር መንኮራኩር ያዳምጡ ነበር። ትልቁ ስፋቱ 46 ሜትር ያህል ነው፤ እኔ ካዞርኩት ሁሉ ዲሽ ጋር ሳስተያየው ሳቄ ይመጣል። ጥሩ ነበር መጥፎ ነበር ሌላ ክርክር ነው። ግን በ1953 ሁለት መንግሥታት ፈርመው የመጣ ነገር ነው፣ በ1969 ዓ.ም. ደግሞ ደርግ ውጡ አለ፣ ወጡ። በር ነበረው። ጣሪያዬ ላይ ያለውን ሳተላይት ግን ለማን ነው ውጣ የምለው?

በወረቀት ላይ መልስ አለ። የ1967ቱ የጠፈር ስምምነት ስድስተኛው አንቀጽ የግል ድርጅት ጠፈር ላይ ለሚሠራው ሁሉ መንግሥቱ ተጠያቂ ነው ይላል፤ ፈቃድ መስጠት ብቻ ሳይሆን ሁልጊዜ መከታተልም አለበት። ተጠያቂው ግን የኩባንያው አገር ነው፣ የደንበኛው አገር አይደለም። ደንበኛው የሚይዘው ማንም የማያነበውን የአገልግሎት ውል ብቻ ነው።

ስለዚህ አዘጋጅ ሆይ፣ በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ሄዳችሁ ይህን ጠይቁልኝ። የሳተላይት ኩባንያ ፈቃድ ሲጠይቅ ከየትኛው ጦር ጋር ውል እንዳለው ያሳውቃል ወይ? የእኛ ሰው የሚጠቀምበት መስመር ከወታደሩ መስመር የተለየ ነው ወይስ አንድ ላይ ነው? ኩባንያው አንድ ቀን ጠዋት ተነስቶ አንድን ክልል ከካርታው ላይ ቢያጠፋው ማን ነው ቀድሞ የሚሰማው፣ እነሱ ወይስ እኛ? ለቴሌቪዥን ጣቢያዎቹም ያው ነው። ውሉን ሲያድሱ ይጠይቁ። ዋጋ ብቻ ከሚከራከሩ ይችንም ይጨምሩባት።

አይምጣ እያልኩ አይደለም፤ ይምጣ። ገጠር ያለው የእህቴ ልጅ ፈተና በመጣ ቁጥር ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ይወጣል። እሱ ያገኝ ዘንድ እኔም እመኛለሁ። ግን ስንፈራረም ከማን ጋር ጣሪያ እንደምንጋራ እንወቅ።

መልስ ካገኛችሁ አትሙት። ካልመለሱላችሁም አልመለሱም ብላችሁ አትሙት።

የቀድሞ ዲሽ ሠሪ፣ የአሁን ታክሲ ነጂ
ከሰሜን ቨርጂኒያ